ጅብ ከሄደ የሚጮህ ደወል

የሱቅና የመጋዘን አላርም የሚሸጠው «እንቅልፍዎን ይተኙ» እየተባለ ነው። ገዢው ግን የገዛው ምን እንደሆነ የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ ከተሰረቀ በኋላ ነው።

በለንደን ከተማ የወርቅና የአልማዝ ነጋዴዎች መንደር በሆነው በሃተን ጋርደን፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 3 ቀን 2015፣ ለስቅለት ዓርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ላይ የአንድ ደወል ጥሪ ለፖሊስ ደረሰ። ደወሉ የተነሳው ነጋዴዎች አልማዛቸውን፣ ጌጣጌጣቸውንና ጥሬ ገንዘባቸውን በኪራይ ሳጥን ከሚያስቀምጡበት አንድ የአደራ ማስቀመጫ ድርጅት ነበር። ለፋሲካ በዓል ተዘግቶ የሰነበተው ሕንፃ ባዶ ነው ተብሎ ይታመን ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ በወጣው ሥርዓት የተከናወነ ይመስላል። ምልክቱ ለደወል ተከታታዩ ኩባንያ ደረሰ። ኩባንያው ለፖሊስ አስታወቀ። የፖሊስ ጥሪ ተቀባይ ክፍልም ጥሪውን መዘገበና ደረጃ ሰጠው፤ የተሰጠው ደረጃ ግን «ፖሊስ መላክ አያስፈልግም» የሚያሰኝ ነበር። የጥበቃ ሠራተኛ ወደ ቦታው ሄዶ የፊት በሩን አየ፤ በሩ አልተሰበረም። «ሰላም ነው» አለ። ከባለቤቶቹ ቤተሰብ አንዱ ወደዚያው እየመጣ ሳለ ይህን ሰምቶ ከመንገድ ተመለሰ።

ሌቦቹ ግን ውስጥ ነበሩ። በአሳንሰሩ ጉድጓድ ወደ ምድር ቤት ወርደው 50 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን የኮንክሪት ግድግዳ በከባድ መሰርሰሪያ ይበሱ ነበር። የሚገርመው ደግሞ በዚያች ሌሊት ምንም አለማግኘታቸው ነው። ከግድግዳው ጀርባ የተደገፈውን የብረት ቁም ሳጥን ሊገፉበት ያመጡት መሣሪያ ተበላሸባቸውና ጠዋት ባዶ እጃቸውን ወጡ። ቅዳሜ ማታ አዲስ መሣሪያ ይዘው ተመለሱ፤ 73 ሳጥኖችን ከፍተው እሑድ ማለዳ ሄዱ። ዝርፊያው የታወቀው ማክሰኞ፣ ሠራተኞች ከበዓል ሲመለሱ ነው። ከተወሰደው ንብረት ብዙው አልተገኘም፤ ግምቱም በፍርድ ቤት 14 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ተብሎ ተጠቅሷል።

እንግዲህ ይህ ደወል የጮኸው ጅብ ከሄደ በኋላ አይደለም። ጅቡ ሳይበላ፣ እንዲያውም ሳይበላ ሄዶ ሊመለስ ሁለት ቀን ያህል ሲቀረው ነው። ሌቦቹ የስልክ መስመሩን ቆርጠው አንቴናውንም ሰብረውበት እንኳ መልእክቱን አስተላልፏል። ለማሽኑ ከዚህ የበለጠ ሊጠየቅ የሚችል ነገር የለም። ነገሩ የተበላሸው የደወሉ ሥራ ካለቀና የሰዎቹ ከተጀመረ በኋላ ነው።

ይህ ታሪክ ለአዲስ አበባ ነጋዴ የሩቅ አገር ወሬ መስሎ ሊታየው አይገባም። በመርካቶም ሆነ በቦሌ ሱቅ የሚከፍት ሰው ዛሬ አላርም ሲገዛ የሚገዛው ያንኑ ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ሦስት ቀለበት አለው። አንዱ የሚያይ ወይም የሚሰማ ዕቃ፣ በተለምዶ ሴንሰር የሚባለው ነው። ሁለተኛው ያየውን የሚያደርስ መስመር ነው። ሦስተኛው ሰምቶ የሚነሳ ሰው ነው። ሻጩ የሚያስረዳው ስለ መጀመሪያው፣ ጎበዝ ከሆነም ስለ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው ቀለበት በካርቶን ታሽጎ አይመጣምና ዋጋ አይወጣለትም፤ ስለዚህም አይነሳም።

ዘጠና ስድስት ጊዜ ውሸት

የለንደኑ ፖሊስ ጥሪውን ለምን ናቀው? ስኮትላንድ ያርድ አሠራሩ በሚገባ አለመከበሩን አምኖ ይቅርታ ጠይቋል። ይሁንና ከስሕተቱ ጀርባ ስሌት አለ። በአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለፖሊሶች ባሳተመው መመሪያ ላይ፣ ፖሊስ ዘንድ ከሚደርሱት የስርቆት ደወሎች ውስጥ ከ94 እስከ 98 በመቶ የሚሆኑት ሐሰተኛ መሆናቸው ተጽፏል። አንድ ፖሊስ በዓመት ለ100 ደወል ቢወጣ 96 ጊዜ የሚያገኘው ንፋስ የመታውን መስኮት፣ ኮዱን የረሳ ሠራተኛ ወይም ድመት ነው ማለት ነው። በዘጠና ሰባተኛው ላይ እግሩን ቢጎትት ሰነፍ ነው ለማለት ያስቸግራል። ካለፈው ልምዱ ተነስቶ ሒሳቡን በትክክል የሠራ ሰው ነው።

የምጣኔ ሀብት ትምህርት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ያለው ማብራሪያ ቀላል ነው። አንድ ነጋዴ አላርሙን ርካሽ ገዝቶ፣ በደንብ ሳያስተካክል ቢተክለውና በየሌሊቱ በከንቱ ቢጮህ፣ ወጪው የሚያርፈው በእርሱ ላይ አይደለም። የሚያርፈው በሚመላለሰው ፖሊስ፣ በሚቀሰቀሰው ጎረቤት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እውነተኛ ደወሉ በማይታመንበት ሌላ ነጋዴ ላይ ነው። ዋጋውን ሌላ ሰው የሚከፍልለት ዕቃ ከመጠን በላይ ይመረታል፤ የሐሰት ደወልም እንዲሁ ነው። ስለሆነም በርካታ የአሜሪካ ከተሞች ለሐሰት ደወል ቅጣት ማስከፈል ጀመሩ። የሶልት ሌክ ሲቲ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ከዚህም አልፋ፣ በቅድሚያ የግል ጥበቃ ሄዶ በዓይኑ ያላረጋገጠው የስርቆት ደወል ሲነሳ ፖሊስ እንዳይወጣ ወሰነች። በእንግሊዝም በ12 ወራት ውስጥ ሦስት ጊዜ በከንቱ የጮኸ አላርም የፖሊስ ምላሽ የሚነፈግበት ደንብ ወጥቷል።

በእኛ አገር ቅጣቱ የሚፈጸመው በደንብ ሳይሆን በጋቢ ነው። ዘበኛው አላርሙ በተተከለ በመጀመሪያው ሳምንት ሲጮህ ዱላውን ይዞ ይሮጣል። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ሱቁ አቅጣጫ ባትሪውን አብርቶ ይመለከታል። በሦስተኛው ወር ጋቢውን ይከናነባል። ጎረቤት ደግሞ ጠዋት ባለቤቱን «እባክህ ይህን ነገር አንድ በለው» ይለዋል። ባለቤቱም አንድ ይለዋል፤ ወይ ድምፁን ይቀንሰዋል፣ ወይ ሲመሽ ማብራቱን ይተወዋል። ደመወዝ የሚከፈለው ዘበኛ መተኛቱ ያናድድ ይሆናል፤ ነገር ግን እንዲተኛ ያስተማረው ደወሉ ነው።

ደወሉን አሰልቺ ስለሆነ ማጥፋት አዲስ ነገር አይደለም። በዚያው በለንደን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1971 በቤከር ስትሪት የሚገኝ አንድ ባንክ በአቅራቢያው ካለ ሱቅ ሥር በተቆፈረ መተላለፊያ ተዘርፎ ነበር። በአካባቢው የመንገድ ሥራ ስለነበር የንዝረት ደወሎቹ እየደጋገሙ በከንቱ በመጮሃቸው ተዘግተው እንደነበር ተዘግቧል። ሌቦቹ በመገናኛ ሬድዮ ሲነጋገሩ የሰማ ሰው ለፖሊስ አመልክቶ፣ ፖሊስም በአካባቢው ያሉትን ባንኮች ዞሮ ነበር። የዚህኛውንም ባንክ ካዝና በር አይቶታል። በሩ ተቆልፎ ስለነበር ሄደ። ሌቦቹ ያኔም ውስጥ ነበሩ።

የማያይ ዓይን

ሴንሰሩ ራሱስ? እዚህ አገር በብዛት የሚተከለው በክፍሉ ማዕዘን ላይ የሚሰቀለው ትንሽ ነጭ ሣጥን የሰውን ገላ ሙቀት የሚያይ ነው። በትክክል ለመናገር ሙቀትን ሳይሆን የሙቀትን ልዩነት ነው የሚያየው፤ ከክፍሉ የሞቀ ነገር ከፊቱ ሲያልፍ ይነቃል። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ የክፍሉ ሙቀት ወደ ሰው ገላ ሙቀት በተጠጋ ቁጥር ዓይኑ ይደክማል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ የድሬዳዋ ወይም የሠመራ መጋዘን በበጋ ሌሊት ከአዲስ አበባ ሱቅ ጋር አንድ ዓይነት ጥበቃ አያገኝም። ሁለተኛ፣ ይህ ዓይን ካርቶን አልፎ አያይም። አላርሙ የሚተከለው ሱቁ ገና ሲከፈት፣ መደርደሪያው ባዶ ሳለ ነው። ለበዓል ገበያ ዕቃ ሲገባና ጣቃው እስከ ኮርኒሱ ሲደረደር ሴንሰሩ አንድ ክንድ ፊት ለፊቱ ያለውን ጥቅልል ብቻ ሲያይ ያድራል። ሱቁ ብዙ ዕቃ ባለው ጊዜ ጥበቃው ያነሰ ይሆናል ማለት ነው። ለነጋዴ ከዚህ የከፋ ግጥምጥሞሽ የለም።

በሩ ላይ የሚገጠመው የማግኔት መክፈቻ ጠቋሚም ሥራው በሩ መከፈቱን መንገር ነው። ሌባው በቆርቆሮው ወይም ሱቅን ከሱቅ በለየው የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ከመጣ ግን በሩ አልተከፈተምና ጠቋሚው እውነቱን ነው፤ ምንም አልሆነም ይላል።

እጅግ የተራቀቁትም ሴንሰሮች ቢሆኑ ጊዜ ላለው ሌባ ይሸነፋሉ። የቤልጂግዋ አንትወርፕ የዓለም የአልማዝ ገበያ ማዕከል ናት። እዚያ ባለው የአልማዝ ሕንፃ ምድር ቤት የሙቀት፣ የብርሃን፣ የማግኔትና የንዝረት ጠቋሚዎች በአንድ ላይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2003 አጋማሽ፣ በቅዳሜና እሑድ፣ ከ100 በላይ ሳጥኖች ተከፍተው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚገመት ሀብት ሲወሰድ አንዱም አልጮኸም። የቡድኑ መሪ የነበረው ጣሊያናዊ ሊዮናርዶ ኖታርባርቶሎ የአልማዝ ነጋዴ መስሎ በዚያው ሕንፃ ቢሮ ተከራይቶ፣ የራሱንም ሳጥን ይዞ፣ ከሁለት ዓመት በላይ በደንበኝነት ሲመላለስ ነበር። የሙቀት ጠቋሚው በፀጉር መርጫ ተሸፍኖ መገኘቱ በሰፊው የተወራለት ነው። ነገር ግን ቁም ነገሩ መርጫው አይደለም። ደወል ቀን ቀን አይሠራም፤ በቀን የሚገባው ደግሞ ደንበኛ ነው። ሰውየው በመጨረሻ የተያዘው በመንገድ ዳር በተጣለ ቆሻሻ ምክንያት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የ10 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል።

መብራት፣ ባትሪና ሲም ካርድ

ሁለተኛው ቀለበት ላይ የአገራችን ነጋዴ ከለንደኑ የበለጠ ይጎዳል። መብራት ይጠፋል። እርግጥ ነው፣ አብዛኛው አላርም በውስጡ ባትሪ አለው፤ በብዛት የሚታየው 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት የሚባለው ነው። ጠቅላላ ሥርዓቱ ግማሽ አምፔር የሚስብ ከሆነ በወረቀት ላይ 14 ሰዓት ያቆየዋል። በወረቀት ላይ ግን ባትሪው ሁልጊዜ አዲስ ነው። ይህ ዓይነቱ ባትሪ በደህና አያያዝ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል፤ መብራት በተደጋጋሚ በጠፋ ቁጥር እየተሟጠጠ ሲሞላ፣ በሙቀትም ሲቀመጥ፣ ከዚያ በፊት ይደክማል። ድካሙን ደግሞ ላይናገር ይችላል። መብራት እስካለ ድረስ አረንጓዴዋ ጠቋሚ መብራት በርታ ታድራለች። ባለቤቱ ባትሪው መሞቱን የሚያውቀው መብራት በጠፋባት በዚያች ሌሊት ነው፤ ሌባውም የሚጠብቀው ያችኑ ሌሊት ነው።

ቀጥሎ መልእክቱ አለ። በብዛት የሚሸጠው አላርም በውስጡ ሲም ካርድ ያለው፣ ወደ ባለቤቱ ስልክ የሚደውል ወይም አጭር መልእክት የሚልክ ነው። ካርዱ ሒሳብ ከሌለው አይደውልም። ረዥም ጊዜ ሳይሠራበት ከቆየና ከተዘጋም አይደውልም። ደውሎስ? ባለቤቱ ስልኩን አጥፍቶ ተኝቷል፤ ወይም ለበዓል ወደ አገር ቤት ሄዷል። በቅርብ ዓመታት የተስፋፉት በኢንተርኔት የሚሠሩ ካሜራዎች ደግሞ ኢንተርኔቱ ሲኖር የሚኖሩ ናቸው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ሱቁን በስልኩ ያይ የነበረ ሰው ምንም ማየት አይችልም ነበር። ያ ጊዜ ደግሞ ንግድ ቤቶች የተዘረፉበትና የተቃጠሉበት ነበር።

አራት ደቂቃ

ሦስቱም ቀለበቶች ባይበጠሱስ? እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 19 ቀን 2025 በፓሪስ የሉቭር ሙዚየም የሆነው ለዚህ መልስ ይሰጣል። ሌቦቹ በጠራራ ፀሐይ ወደ ሰገነቱ በሚያደርስ መሰላል ባለው መኪና መጥተው መስኮት ቆርጠው ገቡ። ደወሉ ጮኸ። ሌቦቹ ውስጥ የቆዩት ግን ከአራት ደቂቃ በታች ነው፤ 88 ሚሊዮን ዩሮ የተገመቱ ስምንት ጌጣጌጦችን ይዘው ሄዱ። ደወሉ ሠርቷል፤ ፖሊስም ተጠርቷል። ያነሰው ጊዜ ነው።

ስለዚህ ነጋዴው ሊሠራው የሚገባው ሒሳብ ሁለት ቁጥር ብቻ ያለው ነው። የመጀመሪያው ደወሉ ከጮኸበት ሰከንድ ጀምሮ ሊያስቆም የሚችል ሰው ደጃፉ ላይ እስኪደርስ ያለው ደቂቃ ነው። ሁለተኛው ደወሉ ከጮኸ በኋላ ሌባው ዕቃውን አውጥቶ እስኪሄድ የሚፈጅበት ደቂቃ ነው። የመጀመሪያው 20፣ ሁለተኛው 5 ከሆነ፣ አላርሙ አንድ ሺሕ ብር ይሁን አንድ መቶ ሺሕ ብር፣ ለውጥ አያመጣም፤ ስርቆቱን በሰዓቱ መዝግቦ ከማሳወቅ አያልፍም። በአንጻሩ ወርቁ ለመስበር 40 ደቂቃ በሚፈጅ፣ ከወለሉ ጋር በታሰረ ካዝና ውስጥ ቢሆን፣ ያው አላርም ዋጋውን ያወጣል። ርካሽ ጓጉንቸር ቁልፍ ላይ ውድ አላርም መጨመር ገንዘብን በተሳሳተው ቁጥር ላይ ማፍሰስ ነው። ይህ ማለት አላርም አይጠቅምም ማለት አይደለም። ሰንሰለት ቆርጦ ለመሮጥ የመጣውን ተራ ሌባ ጩኸት ብቻውን ያባርረዋል፤ የሱቅ ስርቆትም በአብዛኛው በዚህ ዓይነቱ ሰው የሚፈጸም ነው። ችግሩ መጋዘን የሚጭን ሌባ በጩኸት የማይሸሽ መሆኑ ላይ ነው።

አላርም በመትከላቸው ሌላ ወጪ የሚቀንሱ ነጋዴዎች አሉ። አንዳንዱ ሁለት ዘበኛ የነበረውን አንድ ያደርጋል። አንዳንዱ ደግሞ የስርቆት መድኑን ሳያሳድስ ይተዋል። በሃተን ጋርደን ሳጥን ከነበራቸው ሰዎች ብዙዎቹ ኢንሹራንስ አልነበራቸውም፤ የገዙት ጥበቃ በቂ መስሏቸው ነበር። መድን የገባውም ቢሆን ውሉን ቢያነብ ይሻለዋል። የስርቆት ፖሊሲ በተለምዶ በር ወይም ግድግዳ በኃይል ለመሰበሩ ምልክት ይፈልጋል። የራስ ሠራተኛ በቁልፍና በሚስጥር ቁጥር ከፍቶ የወሰደው ብዙውን ጊዜ በዚህ አይሸፈንም፤ ለእርሱ ሌላ ዓይነት የታማኝነት ዋስትና አለ። «ሱቄ አላርም አለው» ብሎ ለመድን ድርጅቱ የፈረመ ሰው ደግሞ አላርሙ በዚያ ሌሊት ጠፍቶ ከተገኘ ካሳው ላይ ክርክር ሊነሳበት ይችላል። የንግድ ሕጉ የኢንሹራንስ ገቢው ስለ ንብረቱ ያለውን አደጋ በትክክል የማስታወቅ ግዴታ ያለበት መሆኑን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ደንግጓል።

በዋጋ ከመከራከር በፊት ሻጩን ሊጠይቁት የሚገባው ብዙ አይደለም። ባትሪው መቼ ተሠራ? በየስንት ጊዜው ይቀየራል? ማን መጥቶ ይፈትሸዋል? ሴንሰሩ ቢሸፈን ወይም ሽቦው ቢቆረጥ ራሱ ይናገራል? የሚስጥር ቁጥሩ ከፋብሪካ የመጣው ነው ወይስ ተቀይሯል? ከሥራ የወጣ ሠራተኛ ያውቀዋል? ሲም ካርዱ በማን ስም ነው፣ ሒሳቡንስ ማን ይሞላዋል? ስልኩ ለባለቤቱ ብቻ የሚደውል ከሆነ ሁለተኛና ሦስተኛ ቁጥር፣ በተቻለ መጠን በእግር አምስት ደቂቃ ርቀት ላይ የሚያድር ሰው ቁጥር ይግባበት።

ከተተከለ በኋላ ደግሞ ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ፈተና አለ። ለወረዳው ፖሊስ አስቀድሞ ከተነገረ በኋላ፣ ለዘበኛውና ለጎረቤቱ ግን ሳይነገር፣ ባለቤቱ አንድ እሑድ ሌሊት ቆጣሪውን ያጥፋና ሁለት ሰዓት ይጠብቅ። ከዚያ በጓሮ በኩል ገብቶ ደወሉን ያስጩኽና ሰዓቱን ይመልከት። ማን መጣ? በስንተኛው ደቂቃ? የመጣውስ በሩን በውጭ አይቶ ተመለሰ፣ ወይስ ውስጥ ገብቶ አየ?